የእህቴ ጌሾ

እናቴ ለጠላዋ የሚሆነውን የጌሾ ቅጠል የምትለቅመው በጓሯችን ከተደረደሩት አምስት ጌሾዎች ነበር። ስድስተኛውን፣ ካጥሩ ጥግ ለብቻው የቆመውን፣ አትነካውም። ቅጠሉ እንደተጨፈገገ ይከርማል፤ ፍሬውን ወፍ ይለቅመዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «የእህትሽ ነው» ትለኛለች እንጂ ሌላ ቃል አትጨምርም።

እህቴ ስትወለድ እትብቷ የተቀበረው እዚያ ጥግ ነበር። አባቴ በላዩ የጌሾ ችግኝ ተከለበት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ኩፍኝ ገደላት። ያን ጊዜ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ብዙ አላስታውሳትም። የማስታውሰው ከጌሾው ጎን ቀጥ ብላ ቆማ «እስቲ እዩ፣ ማን ይበልጣል?» እያለች ስትጮህ ነው። ጌሾው ከበለጣት ቆይቷል፤ እሷ ግን በእግሯ ጣቶች እየቆመች ታጭበረብር ነበር። ፎቶግራፍ የላትም። በሁለተኛው ዓመት አባቴም ሲያርፍ እናቴና እኔ ብቻ ቀረን።

የእኔም እትብት የተቀበረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የት እንደሆነ እናቴ አታስታውስም።

ቤታችን የካ ተራራ ሥር፣ በሰው መሬት ላይ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ በጥቅምት፣ የመሬቱ ባለቤት ቪላ ሊሠራበት ስላሰበ ጥምቀት እንዳለፈ እንድንለቅ በወኪሉ በኩል ላከብን። እናቴ አልተከራከረችም።

«ቤቱስ ይቅር» አለች። «ቤት ጭቃ ነው። እሷን ግን ጥያት አልሄድም።»

ከእኛ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ የባሕር ዛፍ ችግኝ የሚያፈሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። በቤታቸው ኦሮምኛ ስለሚናገሩ እኔን ሲጠሩኝ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እናቴ አስጠራቻቸውና ጌሾውን አሳየቻቸው። ዙሪያውን ዞሩት፤ ግንዱን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«አሁን መሬቱ ደረቅ ነው» አሉ። «ክረምት ይግባ። ያን ጊዜ ቅርንጫፉን መልምለን ከነጉቶው ቆፍረን እንወስደዋለን። ይይዛል ብዬ አልምልልሽም፤ ግን የተሻለው እሱ ነው። እስከዚያው ከፍሬው ለቅሜ አፈላልሻለሁ።»

ወኪሉም ደግ ሰው ነበር። አጥሩን ከክረምት በፊት ስለማይነኩት ጌሾው እስከዚያ ይቆይላችሁ አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት በሥነ ሕይወት ክፍል ስለ ዕፀዋት መራባት ተምረን ነበር፤ እኔም የተማርኩት ነገር ለእናቴ እንዲጠቅማት በጣም እፈልግ ነበር።

«ፍሬውን ይተዉት፣ አባባ» አልኳቸው። «ከፍሬ የሚበቅለው የዛፉ ልጅ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። ከቅርንጫፉ ተቆርጦ የሚበቅለው ግን ራሱ ነው። ያው ዛፍ ነው።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩላት።

«እንግዲያው ፍሬ አልፈልግም» አለች። «እኔ የምፈልገው እሷኑ ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ጌሾ በቁራጭ? ጽጌረዳ መሰለሽ እንዴ፣ ኢንተላ ኮ? እኔ ይህን ሁሉ ሽበት ሳበቅል በቁራጭ የያዘ ጌሾ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ተማሪዋ ዛፉንም ፈተና ልታስቀምጠው ነው!»

«መጽሐፉ ይቻላል ይላል» አልኩ። መጽሐፉ ስለ ጌሾ አንድ ቃል አልጻፈም። ይህንን አልተናገርኩም።

ሽማግሌው ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙና አንድ ነገር አስተማሩኝ። «ቅጠል ቢያወጣ እንዳታምኚው። እንጨት በውስጡ በቀረችው ውሃ ብቻ ቅጠል ያወጣል። ቀስ ብለሽ ሳብ አድርጊው። እምቢ ካለሽ ሥር ይዟል፤ ዝም ብሎ ከመጣልሽ ሞቷል።»

በኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሰባት ቅርንጫፎች ቆረጥኩ። እያንዳንዱ የእርሳስ ርዝመት ነበረው። የወተት ዱቄት ጣሳዎችን ከታች በምስማር በሳሁና አሸዋና ፍግ የተቀላቀለ አፈር ሞላሁባቸው። የታችኞቹን ቅጠሎች አርግፌ ተከልኳቸው፤ ከቤቱ ጀርባ፣ ጠዋት ብቻ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ደረደርኳቸው። እናቴ በትንሽ ጣሳ ውሃ ታጠጣቸው ጀመር። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ከዩኒቨርሲቲው በእግሬ ስመጣ ደጃፍ ላይ ጠብቃ የምትጠይቀኝ ስለ ጤናዬ አልነበረም።

«አየሻት?» ነበር የምትለኝ።

በታኅሣሥ አጋማሽ አምስቱ ደረቁ። ሁለቱ ግን ከዓይናቸው ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አደረጉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ የሚያብለጨልጩ ትንንሽ ቅጠሎች ሆነው ጠበቁኝ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሳለም ነጠላዋን አጣፍታ ከጣሳዎቹ ፊት ቆማ ነበር።

«ይዛለች?» አለችኝ።

ተንበረከክሁ። አንዱን ቁራጭ በሁለት ጣቶቼ ያዝኩት። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ትንሽ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። ነገር ግን ብስበውና ቢመጣ፣ ቁራጩን በእጄ ይዤ ወደ እሷ መዞር ነበረብኝ። ከኋላዬ ትንፋሿ ይሰማኛል። ጣቶቼን አነሳሁ።

«ይዛለች» አልኳት።

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያም ተነሥታ ፊቷን ጠራረገችና ወደ ወኪሉ ሄደች። ጌሾውን እስከ ክረምት እንዳይጠብቁላት ነገረችው።

«እሷ ከእኔ ጋር ናት» አለችኝ ስትመለስ። «ባዶው እንጨት እዚህ ቆሞ ግንበኛ ሁሉ ሲሸናበት አላይም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ጌሾው አልነበረም። ጉቶው ሳይቀር ተፈልጦ ወጥቷል፤ ቦታው ተደልድሎ ድንጋይ ተከምሮበታል። ሽማግሌው አጥሩ ጋ ቆመው ጠበቁኝ። አልሳቁም።

«ሳብ አድርገሻት ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

ጥምቀት እንዳለፈ ሾላ ገበያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን ገባን። እናቴ በመንገዱ ሁሉ ሁለቱን ጣሳዎች ለተሸካሚ አልሰጠችም። የክፍሏ አንድ መስኮት ወደ መንገድ ስለነበረ እዚያ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ አቧራ እንዳይነካቸውም በሻሽ ትጋርዳቸው ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ የአንደኛው ቅጠል ጫፉ ቡናማ ሆነ። እናቴ ውሃ ጨመረች። ከዚያ ቀነሰች። ወደ ጥላ አራቀችው፤ መልሳ ወደ ብርሃን አቀረበችው። ቅጠሎቹ ረገፉ። ወዲያውም ሁለተኛው መጠውለግ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ወጥታ ሳለ በታኅሣሥ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ሳብኩት። ከሳጥኑ እንደሚመዘዝ የክብሪት እንጨት ምንም ሳያግደኝ ወጣ። ታችኛው ጫፉ ጠቁሮ ሙልጭልጭ ብሏል፤ የፀጉር ያህል ሥር እንኳ የለውም። ሁለተኛውንም ሳብኩት። ያው ነው። ሁለቱንም መልሼ ተከልኩና አፈሩን በጣቴ ጠቀጠቅሁት።

ስትመጣ ነገርኳት። «እማዬ፣ መጀመሪያውኑም አልያዘም። ያን ቀን አልሳብኩትም፤ ዝም ብዬ ነው ይዛለች ያልኩሽ።»

ዘንቢሏን አስቀመጠች። ሽንኩርቱን እያወጣች መደርደር ጀመረች። ብትመታኝ በወደድኩ። ብትረግመኝም ቢያንስ የምመልሰው ነገር በኖረኝ። ሽንኩርቱን ጨርሳ ውሃ ቀዳችና ሁለቱን ጣሳዎች አጠጣች።

በግንቦት መጨረሻ ሽማግሌው ቤታችንን አፈላልገው መጡ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ሲፈቱት ሦስት የጌሾ ችግኞች ናቸው፤ ቁመታቸው የጣት ያህል ነው፤ ሥራቸው ከነአፈሩ ነው።

«ተማሪዋ ፍሬውን ተዉት ብትለኝም እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጆሮዬ አይሰማም» አሉ እየሳቁ። «ሳይቆርጡት በፊት ለቅሜ ነበር። ይኸው፣ ከእሷው የወጡ ናቸው።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ከጓሮ ባዶ ጣሳ ልፈልግ ተነሣሁ። እናቴ አንዱን ችግኝ በመዳፏ ላይ አስቀምጣ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ የጠየቀችው ሽማግሌውን ሳይሆን እኔን ነበር።

«ምኗ ናቸው ነው ያልሽኝ?»

በሰሚስተሩ መጨረሻ ፈተና ላይ ይኸው ጥያቄ ወጥቶ ነበር፤ በትክክል መልሼዋለሁ።

«ልጆቿ ናቸዋ!» አሉ ሽማግሌው።

«የኔ ልጅ እኮ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር» አለች እናቴ። «ልጅ አልነበራትም።»

ችግኙን በጥንቃቄ ወደ ኮባው መለሰችና ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር እንድል ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው ወደ ዳገታቸው ሄዱ። እናቴም ትንሿን ጣሳ አንስታ መስኮቱ ላይ ያሉትን ሁለት እንጨቶች ውሃ አጠጣቻቸው።