የጋሽ ሕሩይ ስድስት መቶ ቀኖች

ኮምፒውተር በመጠገን ስንት ዓመት ቢያልፈኝም እስካሁን የማልወደው አንድ ነገር አለ፤ ግራ መጋባት። ግራ ስጋባ እናደዳለሁ፤ ስናደድ ደግሞ ጥፋቱን አጠገቤ ላለው ሰው እሰጣለሁ። በዚያ ግንቦት አጠገቤ የነበሩት ጋሽ ሕሩይ ናቸው። በሠፈራችን ጥፋት የማይገኝበት ሰው ቢፈለግ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

ቤታቸው ከእኔ ሱቅ በላይ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ መዝገብ ቤቱ ግን ከእሳቸው አልወጣም። የጋዝ ሲሊንደራቸው ላይ የተሞላበት ቀን ተጽፎ ይለጠፋል። አንድ ጊዜ አልሠራ ያለ ማውስ ሲያመጡልኝ ከሥሩ «ሥራ ያቆመው ኅዳር 9» የሚል ወረቀት አጣብቀውበት ነበር። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ከየካ ሚካኤል ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሲመለሱ፣ በሱቄ በር ብቅ ብለው ዛሬም አልዘጋሽም ወይ ይሉኛል። ጴንጤ መሆኔን አሳምረው ያውቃሉ። እኔም እርስዎ ለሁለታችንም ተሳልመዋል እላቸዋለሁ፤ ሁለታችንም ስቀን እንለያያለን።

ኮምፒውተሩን ለስንብት የሰጧቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። እሳቸው የጠበቁት ብርድ ልብስ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ዳንቴል አልብሰው አስቀምጠውት ነበር፤ ሥራ ያገኘው ባለቤታቸው እትዬ ደብሪቱ መርሳት የጀመሩ ጊዜ ነው።

እትዬ ደብሪቱ አስተማሪ ነበሩ። መጀመሪያ የጠፋቸው የተማሪዎቻቸው ስም ነው፤ ቀጥሎ ቁልፍ ያስቀመጡበት ቦታ፣ ቀጥሎ ዕለቱ። ጋሽ ሕሩይ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባቸው እንደ መዝገብ ቤት ሰው አሰቡ፤ ሳይጠፋ መመዝገብ አለበት አሉ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሚስታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ሕይወታቸው ይጠይቃሉ፤ የነገሯቸውን ይጽፋሉ። የአንድ ቀን ወሬ አንድ ፋይል ነው። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቀን ጻፉ። ከዚያ በኋላ እትዬ ደብሪቱ የሚናገሩት እያለቀ ሄደ፤ ጋሽ ሕሩይ ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ የሚስታቸውን ቃል መልሰው ያነቡላቸው ጀመር። አልፎ አልፎ አዲስ ነገር ከተናገሩ ይጨመራል። የተነበበላቸው ቀን እትዬ ደብሪቱ ያሉበትን ያውቃሉ፣ ባላቸውንም ያውቃሉ። ያልተነበበላቸው ቀን ጋሽ ሕሩይ እንግዳ ይሆናሉ። ይኼን ሐኪም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው የደረሱበት ነው።

አንድ ሐሙስ ኮምፒውተሩን በታክሲ ይዘውት መጡ። ቀርፋፋ ሆኗል፤ እሱ እስኪነሳ ደብሪቱ ተነሥታ ትሄዳለች አሉኝ። አየሁት፤ እውነትም ለማኅበር የሚሄድ ሽማግሌ ይመስል ያዘግማል። እኔም አዲሱን ዊንዶውስ ልጫንልዎት አልኩ። ፋይሎቹን ወደ ራሴ ዲስክ ገልብጬ፣ አዲሱን ጭኜ መለስኳቸው። የማሽኑ ቀን ብዙ ዓመት ወደኋላ መቅረቱን ስላየሁ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች ብዬ በአዲስ ቀየርኩና ቀኑን አስተካከልኩ። በመጨረሻም ለመሥሪያ ቤቶች ሁሉ የምጭነውን መጥረጊያ ፕሮግራም ጫንኩ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ራሱ ተነሥቶ ቆሻሻ እንዲያጸዳ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ያልተነካ ፋይል ካገኘም ጠራርጎ የተጣለው የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ጭምር ባዶ እንዲያደርግ አዘዝኩት። መሥሪያ ቤቶች ይኼን ይወዱታል። ቅዳሜ መለስኩላቸው፤ ፈጥኖ ሲነሳ ሲያዩ መረቁኝ፤ እኔም ምርቃቱ ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

«ሰርክዬ፣ ቀኖቹ የሉም» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ሱቁን ዘግቼ አብሬያቸው ዳገቱን ወጣሁ። ማሽኑ ደህና ነው፤ ፎልደሩን ስከፍተው ግን ውስጡ አንድ ፋይል ብቻ አለ። እሑድ ዕለት የጻፉት፣ ሦስት መስመር። ከስድስት መቶ በላይ የነበረው ሁሉ የለም።

ያን ጊዜ በከተማው ፎልደር የሚደብቅ ቫይረስ ነበር፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር። እሱ ነው ብዬ ተደፋፈርኩ። የተደበቀ ነገር ሁሉ እንዲታይ አደረግኩ፤ ምንም የለም። የአማርኛ ፊደሉ ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር ተጣልቶ ይሆናል ብዬ ፊደሉን አውጥቼ እንደገና ጫንኩ፤ ምንም። ቅርጫቱን አየሁ፤ ባዶ። የመጥረጊያውን ፕሮግራም እንኳ አልጠረጠርኩም። ስንት ማሽን ላይ ጭኜዋለሁ፤ ደግሞስ የዛሬ ሳምንት የተጻፈን ፋይል አሮጌ ነው ብሎ የሚጠርግ ምን ዓይነት ጅል ፕሮግራም ነው? ይልቅ ጋሽ ሕሩይን ጠረጠርኩ። የሆነ ነገር ነክተዋል አይደል አልኳቸው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እሳቸውም ነክቼ ይሆናል፣ ሽማግሌ እኮ ነኝ አሉ። አልነኩም ነበር።

ፍላሽ ላይ ቅጂ አላስቀመጡም ወይ አልኳቸው። ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል፣ ማሽንዎት ውስጥ እንዳይሰኩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። በራሴ ዲስክ ላይ የነበረውን ቅጂ ደግሞ ቅዳሜ ማታውኑ አጥፍቼ የሰው ሰርግ ቪዲዮ ጭኜበታለሁ። የደንበኛ ምስጢር አላስቀምጥም እያልኩ የምኮራበት ልማድ ነው።

ማክሰኞም ወጣሁ። እትዬ ደብሪቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሰውነታቸው ሰዓቱን አልረሳም። ብዙ ከጠበቁ በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ባላቸውን በዓይናቸው እያሳዩኝ፣ እኚህ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄዱት ብለው ጠየቁኝ። ጋሽ ሕሩይ ሰምተዋል። ወደ ጓዳ ገብተው ውሃ ጠጡ፤ ወይም የጠጡ መስለው ቆዩ።

ሌላ የምሞክረው ስላጣሁ መጥረጊያው የጠረገውን የሚመዘግብበትን ዝርዝር ከፈትኩ። ክው አልኩ። ስድስት መቶው ሁሉ እዚያ ላይ ተደርድሯል፤ ሰኞ ጠዋት ተጠርጓል ይላል። በእያንዳንዱ ጎን መጨረሻ የተነካበት ቀን አለ። ቀኑን ሳይ ትንሽ ተንፈስ አልኩ፤ ፕሮግራሙ ያዘዝኩትን ነው የሠራው።

«ይኸው ጋሽ ሕሩይ፣ ስምንት ዓመት ያልነኩትን ነው የጠረገው» አልኳቸው። «ይኼን ይዩት። 2002፣ ስምንተኛ ወር፣ ቀን ሃያ ሰባት።»

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

«ልክ ነው። ሚያዝያ ሃያ ሰባት። ያለፈው ረቡዕ ነው» አሉ።

እኔ እሳቸውን አየሁ፤ እሳቸው እኔን አዩኝ። ሁለታችንም ሌላው ያበደ መስሎናል። እኔም እንደማንኛውም ሰው የምኖረው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ የቤት ኪራይ ውሌ ላይም የተጻፈው እሱ ነው። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን አእምሮዬ የፈረንጁን ዓመት ይይዛል፤ እዚያ ዘንድ ዓመቱ 2010 ነው። ማሽኑን በአበሻ ቀን የሚሞላ ሰው ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም ምን ያስገርማል በሚል ድምፅ አስረዱኝ። ፋይሉ ላይ ቀን አይጽፉም፤ ማሽኑ ራሱ ከጎኑ ይመዘግብላቸዋል። ስለዚህ የማሽኑ ቀን ትክክል መሆን አለበት፤ የማንኖርበትን ዓመት መዝግቦ ምን ያደርጋል? በየወሩ መጀመሪያ በእጃቸው ያስተካክሉታል። ጥቅምት ለማሽኑ የፈረንጁ ሁለተኛ ወር ስለሆነ ከሃያ ስምንት በላይ እምቢ ይላል፤ የቀሩትን ሁለት ቀኖች ወደ ሃያ ስምንት ይመልሱታል። ጳጉሜን ሲመጣ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው ጭራሽ አይከፍቱትም። ባትሪዋ ጤነኛ ነበረች ማለት ነው፤ ደህናዋን ነው የጣልኩት። እኔ ቀኑን ወደ 2010 ሳመጣው የትናንቱ ጽሑፍ ሁሉ የስምንት ዓመት አሮጌ ሆነ። የእሑዱ ሦስት መስመር የተረፈው እኔ ካስተካከልኩ በኋላ ስለተጻፈ ነው።

ቅዳሜ ስመልስልዎ ቀኑ መለወጡን አላዩም ወይ አልኳቸው።

«አየሁት» አሉ። «የተማርሽውን አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው። ደግሞ ደክመሽበት ተሳስተሻል ብል ቅር እንዳይልሽ።»

እኔ ሰኞ ጮኼባቸዋለሁ፤ እሳቸው ቅዳሜ ቅር እንዳይለኝ ብለው ዝም ብለዋል። አመዴ ቡን አለ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ የጠፋ የሚመልስ ፕሮግራም ስላለ እሞክራለሁ፣ ማሽኑን ግን እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ብዬ ተሸክሜው ወረድኩ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዓርብ ማታ አምስት መቶ ሰማንያ የሚሆኑ ፋይሎች ተመለሱ። ሠላሳ ገደማ እንደወጡ ቀሩ። ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ይዤ ስወጣ ዳገቱ አልታወቀኝም። ፋይሎቹ ሲመለሱ ስማቸውና ቀናቸው ጠፍቷል፣ ተራቸውም ተዘበራርቋል፣ ጽሑፉ ግን ደህና ነው ብዬ አበሠርኳቸው። እልል ይሉልኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። እንደገና ግራ ገባኝ።

«ቀኑን ማወቅ ጭራሽ አይቻልም?» አሉ።

አይቻልም አልኳቸው።

«አራት ቀኖች አሉ፣ የማላነብላት። በቀናቸው ነበር የምዘላቸው» አሉኝ።

ምን እንዳለባቸው አልጠየቅኩም። እንግዲያው መጀመሪያ ለብቻዎ ያንብቡና ይለዩዋቸው አልኩ። እሳቸውም እንደሱ ይሻላል አሉ። ነገር ግን ሶኬቱን ሰክቼ ቀና ስል ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ እትዬ ደብሪቱ መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አምስት ቀን አልተነበበላቸውም። ጋሽ ሕሩይ ቆይ ቢሏቸው «እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ እኔን አያስነሡኝም» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሕሩይ ቆይ ለማለት አቅም አላገኙም።

የመጀመሪያው ፋይል ስለ አንድ ጣሪያው ስለሚያፈስ የመማሪያ ክፍል ነበር። ዝናብ ሲመጣ እትዬ ደብሪቱ ተማሪዎቹን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበው ተረት ይነግሩ ነበር። ሰምተው ፈገግ አሉ። ጋሽ ሕሩይ ልባቸው መለስ አለና ሁለተኛውን ከፈቱ።

«አካሉ የተወለደ ዕለት ዶፍ ይጥል ነበር» ብለው ጀመሩ። «ሕሩይ ታክሲ ፍለጋ በባዶ እግሩ ወጣ፤ ጫማውን ማድረግ ረስቶ . . .»

ድምፃቸው ቆመ።

«ምነው አቆሙ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ዓይኔ ደከመ።»

«አካሉ ማን ነው?»

እኔ የኮምፒውተሩን ገመድ አየሁ። ጋሽ ሕሩይ ያሻቸውን ማለት ይችሉ ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ነው ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? በኋላ እንደነገሩኝ ከአራቱ አንዱ የሆነውን ያን ገጽ መጀመሪያ ያነበቡ ጊዜ እትዬ ደብሪቱ መርዶ ገና እንደተነገረው ሰው ቀኑን ሙሉ አልቅሰው፣ በማግስቱ ግን ምንም አላስታወሱም። ጋሽ ሕሩይ ሁለተኛ ላያነቡት ለራሳቸው ምለው ነበር።

«ልጃችን ነው» አሉ በመጨረሻ። «የመጀመሪያው። በሦስት ዓመቱ ኩፍኝ ወሰደብን።»

እትዬ ደብሪቱ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይናቸውን ነቅለው ወደ ጋሽ ሕሩይ ዞሩና ፊታቸውን፣ ሽበታቸውን፣ እጃቸውን አዩ። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ሲያዩዋቸው አላየሁም።

«አባቱ አንተ ነህ» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«አንብበው።»

ጋሽ ሕሩይ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ማንበብ ቀጠሉ። ገጹ እስኪያልቅ እትዬ ደብሪቱ የባላቸውን እጅ ይዘው አለቀሱ፤ የሚያለቅሱት ለማን እንደሆነም፣ አብሯቸው የሚያለቅሰው ማን እንደሆነም ያውቁ ነበር።