ሰማያዊው ጭድ

ዛሬ ጠዋት የወንዛችን ሰማያዊ ውሃ ዓይኔ እያየ ጠራ።

ሰበታ ነኝ። በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ መንገዱ ዝግ ነው፤ የዩኒቨርሲቲዬ ላብራቶሪ አዲስ አበባ፣ እኔ እዚህ። (ኔትወርክም አሁን ገና ነው ብቅ ያለው፣ ሳይጠፋ ልጻፍ።)

የመመረቂያ ጥናቴ የጨርቅ ማቅለሚያን በተፈጥሮ ነገር ከውሃ ማውጣት ነው። ወንዛችን ከጨርቅ ፋብሪካ በሚለቀቅበት ቀለም አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚወርድ ናሙና አልቸገረኝም።

ከጎረቤታችን ከኦቦ ቶሎሳ የጤፍ ጭድ ለመንኩ። በአመድ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አጥቤ፣ አድርቄ የወንዙን ውሃ የቀዳሁበት ባልዲ ውስጥ ጨመርኩት። ቀለሙ ቀስ እያለ ውሃውን ለቆ ጭዱ ላይ ተጣበቀ። ጮቤ ረገጥኩ።

ኦቦ ቶሎሳን ጠርቼ በብርጭቆ አሳየኋቸው። ወደ ፀሐይ አንስተው አዩትና “ይጠጣል?” አሉኝ።

“ኧረ አይጠጡት። ቀለሙ ወጣ እንጂ ሌላው ገና መመርመር አለበት።”

ይህን ሳስረዳ ሰማያዊውን ጭድ አጥር ላይ ማስጣቴን ረስቻለሁ። ላማቸው ግን አልረሳችውም። አንገቷን አሹልካ ልትጎርስ ስትል ሁለታችንም ሮጠን ደረስንባት።

“ወንዙን አዳንሽ ብዬ ልመርቅሽ ስል፣ ቀለሙን ለላሜ ልታጎርሻት?” አሉ እየሳቁ።

እውነታቸውን ነው። ቀለሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ጭዱ አሁን በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ አልጋዬ ሥር ነው፤ ምን እንደማደርገው ገና አላውቅም።

ከሰዓት ኦቦ ቶሎሳ ሌላ ሸክም ጭድ ደጃፌ ላይ አራገፉ። “ይሄ ለቀዩ ነው” አሉኝ።

ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ ወንዙ ዛሬ ምን ቀለም ነው?