የጉልበት መድኃኒት

አባቴ በጣና ደሴት ባለች ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ። ማኅሌት ቆመው እያደሩ ጉልበታቸው ስለታመመ ከባሕር ዳር ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን እያስመጡ ይውጡ ነበር። እኛም እንደ ልብ ሲራመዱ አይተን መድኃኒቱን አመሰገንን። ባለፈው ሁዳዴ ግን ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ቅዳሴ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። በጀልባ አሻግሬ ሆስፒታል አደረስኋቸው።

«መድኃኒቱ የጨጓራዎን ሽፋን ሸርሽሮ አቁስሎታል፤ ደምቷል» አላቸው ሐኪሙ።

«በጾም ስለዋጥሁት ይሆን?»

«በልተው ቢውጡትም ያው ነው፤ ሲዘወተር ይጎዳል።»

ቁስሉ ዳነ። ክኒኑ ግን ስለተከለከለ ጉልበታቸው እንደገና ያዛቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማኅሌት አልቆሙም። አሁን እኔ ቤት ተቀምጠው ዜማውን በለሆሳስ ያዜሙታል።

«ለጉልበቴ ብዬ ሆዴን ጎዳሁት፤ ጉልበቴም አልተረፈ» ይሉኛል።