አሚን ያጣው ጓድ

በደሴ ዳገት ለምታለከልኩ፣ በኮምቦልቻ ሜዳ ለምትንጎራደዱ፣ ነጋዴም ሁኑ ሸማች፣ ባለጋሪም ሁኑ የጋሪ ፈረስ፣ ይህ ቃል ይድረሳችሁ። በሰኞ ገበያ በረንዳ ላይ ሱሪ ሲያሳጥርና የተቀደደ ኪስ ሲጠግን የኖረው ልብስ ሰፊ በሺር የታሪክ አንቀሳቃሽ ሞተር መሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ድምፅ የሰጠው ራሱ በሺር ነው። ተቃውሞ አልቀረበም፤ ሚስቱ ዘይቱና ያን ጊዜ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር።

አብዮቱ እስኪመጣ ድረስ ይህ ሰው ከጨርቅ በስተቀር የወጋው ነገር አልነበረም። አባቱ በጨቅላነቱ ሞተውበት ያሳደጉት አጎቱ ሼህ ጀማሉዲን ናቸው። ሼሁ በቦሩ ሜዳ አጠገብ የሚያርሱ አባጋር ነበሩ። ሰው ተገድሎ ሁለት ቤተሰብ ሲፈላለግ መሃል ገብቶ ደም የሚያደርቀው አባጋር ነው፤ ሹመቱ ከአባት ለልጅ ይወርዳል እንጂ በካድሬ አይታደልም። ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ እስላም ክርስቲያኑን ሰብስበው ወዳጃ ይቀመጣሉ። እሳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ይለምናሉ፤ ሕዝቡ አሚን ይላል።

በሺር ከአጎቱ ቤት ካየው ሁሉ ልቡ የቀረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ሲናገር ሜዳ ሙሉ አፍ ይመልስለታል። ልመናውን አልወደደውም፤ መልሱን ግን በሕልሙም ይሰማው ነበር። እናም አብዮቱ የድምፅ ማጉያ አንጠልጥሎ ደሴ ሲገባ፣ በሺር የሚፈልገውን አገኘ። መለመን ሳያስፈልግ ሕዝብ የሚያስተጋባለት ዕቃ! ቀበሌው ሰልፍ በጠራ ቁጥር ያቺን ማጉያ ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል፤ የሰፈሩ ሰው "ይውደም" ሲል ምን እንደሚወድም ባያውቅም፣ በሺር ግን አንገቱ በአንድ ጣት ይረዝማል።

በ1976 ዓ.ም. የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረና ወንበሩ ባዶ ሆነ። በሺር ማንም ሳይመርጠው ካኪ ኮትና ሱሪ ለራሱ ሰፋ፤ አራት ኪስ፣ በእያንዳንዱ ላይ ክዳን። ለብሶ ዘይቱና ፊት ቆመ።

"እንዴት ነው?"

"ወንበሩ ሳይመጣ ልብሱ መጣ?"

"ሰው ለሠርጉ ቀድሞ አይሰፋም እንዴ?"

"ሙሽራዋ እሺ ስትል ነዋ" አለችው፣ ቀና ብላም አላየችው።

ሙሽራዋን የሚድረው የአካባቢው ካድሬ ጓድ ሞላልኝ ነበር። እሱም ጥሎሹን ቆረጠ። በሐምሌ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ያርፋል፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ዝግጅት እንዴት እንደሰመረ ያያል። "አደባባዩን የሞላልኝ ሰው ወንበሩን ይሞላል" አለ ሞላልኝ። "ያልሞላ ወደ መርፌው።"

በሺር የሰኞ ገበያን ሰው ያውቀዋል። ሰልፍ ሲባል ግማሹን ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ግማሹ ለቅሶ ይደርሳል። ያን ሐምሌ ደግሞ ሰማዩ እንደ ምጣድ ደርቆ ነበር፤ ገበሬው በሬውን ሽጦ፣ ቀጥሎ የሚሸጠው አጥቶ፣ ከደሴ ዙሪያ ወደ መንገድ ዳር መውረድ ጀምሯል። ለመፈክር ማን ይመጣል? ለመፈክር የማይመጣ ሕዝብ ግን ለምን እንደሚመጣ በሺር ያውቃል። ካኪውን አውልቆ ኩታውን ለበሰና ቦሩ ሜዳ ሄደ።

"አባዬ፣ ኮምቦልቻ ላይ ለዝናብ ወዳጃ ተጠርቷል። መኪና ተዘጋጅቷል።"

ሼህ ጀማሉዲን ትክ ብለው አዩት። "ወዳጃችንን ጎጂ ባህል ነው ስትሉን አልነበር እንዴ? ማን ፈቀደው?"

"መንግሥት።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ።"

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አልሐምዱሊላህ። ልብ ገዙ በለኛ። ልጄን ሰይድን በል ሰው ጥራ ልበለው።"

ይኸው ነው። ወላሂ ብሎ የዋሸው ለዳቦ አይደለም፤ ጭቁኑን ነፃ ለማውጣትም አይደለም። አንድ እግሩ ለሚነቃነቅ የቀበሌ ወንበር ነው።

በቀኑ የጭነት መኪናዎቹ የሐረጎን ቁልቁለት በጠመዝማዛው መንገድ ወርደው ሕዝቡን ኮምቦልቻ አራገፉት። እናቶች አንድ ወገን፣ አባቶች አንድ ወገን፣ እንደ ወዳጃ ደንብ መሬት ተቀመጡ። ባለሥልጣኑ መጥቶ ጥላ ሥር ወንበር ያዘ፤ ሞላልኝ ከኋላው ቆመ። በሺር በካኪው ወጣና ማጉያውን አፉ ላይ ለጥፎ ግራ እጁን ጨበጠ።

"ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!"

ሼሁ ይህ የተባለው ነገር ዝናቡን የያዘው መስሏቸው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። "አሚን።" አደባባዩ በሙሉ ተከተላቸው።

"ፊውዳሊዝም ይውደም!"

"አሚን።"

ባለሥልጣኑ ወደ በሺር ጎንበስ አለ። "ምንድን ነው የሚሉት?"

"ጓድ፣ የአካባቢው አነጋገር ነው" አለ በሺር። "ይውደም ማለታቸው ነው።"

ባለሥልጣኑ ፈገግ አለ። ሞላልኝም በሺርን በዓይኑ ጠቀሰው። ጨዋነት ያለው ሰው እዚህ ላይ ማጉያውን አስቀምጦ ወንበሩን ይዞ ይሄድ ነበር። በሺር ግን በሕይወቱ የፈለገው ይኸው እየሆነለት ነው፤ እሱ ይናገራል፣ ምድር ይመልሳል። ልቡ አበጠ። ማንም ያላዘዘውን ጨመረ።

"በአብዮታችን አመራር ድርቁን በቁጥጥራችን ሥር አውለናል! ሕዝባችን ጠግቧል!"



ሼሁ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ መለሱ። ሕዝቡም መዳፉን ሰበሰበ። አንዲት ሴት ያቀፈችው ሕፃን ሲያላዝን ይሰማል፤ ሌላ የሚሰማ የለም። በሺር ማጉያው የተበላሸ መስሎት መታ መታ አደረገውና ደገመው። "ጠግበናል!"

ሼህ ጀማሉዲን ተነሡ። አልተቆጡም፤ ዱዓ ላይ ቃል የሳተን ሰው እንደሚያርሙ፣ እንደ አባት ነው የተናገሩት።

"በሺር ልጄ፣ ሳትክ። ያጥግበን በል፣ አሚን እንላለን። ጠግበናል ካልክ ግን ምን እንለምናለን?"

ባለሥልጣኑ ፈገግታውን አጠፈ። "ማነው ይህ ሽማግሌ? እነዚህን ሰዎች እዚህ ማን ሰበሰባቸው?"

ሞላልኝ ቀና ብሎ ሰማዩን ተመለከተ። መልሱ የበሺር ነበር። "አጎቴ ናቸው፣ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው" ማለት ይችላል፤ ወንበሩ ይቀራል፣ ምናልባትም ይታሰራል። በሺር አራቱን ኪሶቹን አሰበ።

"አላውቀውም፣ ጓድ። ሰርጎ ገብ ነው።"

"አላውቃቸውም" እንኳ አላለም። ማጉያውንም ከአፉ አላወረደም ነበርና ቃሉን አደባባዩ በሙሉ ሰማው። ሼሁ፣ ታጣቂዎች ሲወስዷቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር አሉ። "አላህ ያግራልህ" አሉት። እርግማን ጠብቆ ለነበረ ሰው ይህ ከእርግማን የባሰ ነው።

በሺር ሊቀመንበር ሆነ። ሼህ ጀማሉዲን የታሰሩበትን ቦታ ሰይድ እስኪያገኘው ሳምንታት ሄዱ፤ ለአሥረኛው ዓመት በዓል ባለ ቀለም አምፖሎች በሚሰቀሉበት ሰሞን አስከሬናቸውን ተረከበ። ዘይቱና ለቅሶ ልትሄድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ በሺር በር ላይ ቆመ።

"የት ነው?"

"ከማታውቀው ሰው ቤት።"

"ዘይቱና፣ እኔ ባልሽ ነኝ።"

"እኔንስ ታውቀኛለህ?" አለችውና ሄደች። አልተመለሰችም።

የቀረው አጭር ነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ይጠራል፣ ሰው ይመጣል፤ ቅጣት አለዋ። "ይውደም!" ይላል፣ የሁሉም ግራ እጅ ይነሣል፣ የማንም አፍ አይከፈትም። ሰኞ ገበያ በእጇ ብቻ የምትናገር ዲዳ ሆነችበት። ሞላልኝ ይህን ሁለት ሦስት ስብሰባ ታገሠና "ሕዝብ የማያስተጋባለት ሊቀመንበር ለምኔ ነው?" ብሎ ሻረው። በሺር ወደ በረንዳው ሲመለስ ቦታው ተይዞ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ ብቻውን ደረቅ ሳል ይስላል፤ ሱሪ የሚያመጣለት የለም።

በመጨረሻ ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ ቦሩ ሜዳ ሄደ። በወሎ የሰው ደም ያለበት ሰው መሸሸጊያው አባጋር ነው፤ በሺርም በልማድ እግሩ ወደዚያው ቤት ወሰደው። ሰይድ ደጃፍ ላይ የማረሻ እንጨት ይጠርባል። አባቱ ከሞቱ ወዲህ አባጋርነቱ የወረደው ለእሱ ነው።

"አስታርቀኝ" አለ በሺር ተንበርክኮ።

"ከማን ጋር?"

"ከአንተ።"

ሰይድ መጥረቢያውን አላስቀመጠም። "ባለደሙ እኔ፣ ደም አድራቂውም እኔ። ራሴን ለራሴ አማላጅ ልላክ?" እንጨቱን አንዴ ጠረበ። "ሌላ አባጋር አምጣ። አፉን በውሸት ያላበላሸ ይሁን። እሱ መሃል ይግባ፣ እኔ ባለደም ሆኜ እቀመጣለሁ። ካላመጣህ ግን አንተ ስትሞት ከዚህ ቤት አሚን የሚል አይወጣም።"

በሺር ድንጋዩን እዚያው ጥሎ ፍለጋ ገባ። አንዱ አባጋር በረሃብ ሞተዋል። ሌላው ሰፈራ ተጭነው ሄደዋል። ሦስተኛውን አገኛቸው፤ እሳቸው ግን በሌላ ሰልፍ ላይ በራሳቸው አፍ "ጠግበናል" ብለው ስንዴ ተሰፍሮላቸዋል፤ ከሰይድ ፊት ለመቀመጥ አፈሩ። ሳሉ በርትቶበታል፤ ቀን የቀረው አይመስልም።

አልራራለትም። ቢሆንም አንባቢ ሆይ፣ በእነዚያ ዓመታት ሆዱ ባዶ ሆኖ ጠግቤያለሁ ያላለ ሽማግሌ የምታውቅ ከሆነ፣ ለዚህ ለማይረባ ሰው ስትል ሳይሆን ለሟቹ ስትል፣ ወደ ሰኞ ገበያ ላክልን። ካጣህ አንተው ና። ግን መሃል ከመቀመጥህ በፊት፣ ያን ቀን ማጉያው ወዳንተ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ምን ትል እንደነበር እስቲ በእውነት፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ንገረን።