አሮጊቷ ኮምፒውተርና አስተርጓሚዋ

የፋክስ ማሽን ሲያፏጭና ሲንጫጫ በሰማሁ ቁጥር አሶሳ ያለው ሳሎናችን ይታወሰኛል። አባቴ ኮምፒውተሯን ከስልክ መስመር የሚያገናኘውን የሞደም ገመድ ስልኩ ላይ ሰክቶ፣ እጁን ወደ እኛ ዘርግቶ፣ «ዝም በሉ፣ እየተነጋገሩ ነው!» ይለን ነበር፤ እኛ ከጮህን ማሽኖቹ የማይደማመጡ ይመስል።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር፣ አባቴም ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር። ኮምፒውተሯን ያገኛት አንድ ቢሮ አርጅታለች ብሎ ሲጥላት ነው። የኢሜይል ፕሮግራሟ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ፣ ደብዳቤዎቹን አጠራቅሞ፣ መስመር ሲገኝ በአንዴ ይልካቸው ነበር።

በበጋ ማንጎው ሲበስል፣ ጎረቤታችን አሻ አንድ ሳፋ ማንጎ ይዛ ትመጣና ካርቱም ለሚማረው ልጇ ለኢድሪስ ታጽፍ ነበር። ከበርታ ቋንቋ ሌላ የማያውቁት እናቷም አብረዋት ይመጣሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ አሻ ወደ አማርኛ ትመልሳለች፣ አባቴ ይጽፋል። ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይፈጅ ነበር፤ የፍየሎቹ ሰላምታ እንኳ አይቀርም።

ክረምቱ ሲገባ የኢድሪስ ደብዳቤ ቀረ። መጀመሪያ መብረቅ መስመሩን የቆረጠው መስሎን ነበር፤ ኋላ ግን አባቴ አዲስ አበባ ደውሎ ሲጠይቅ፣ የኢሜይል አገልግሎቱ ለደኅንነት ሲባል አሠራሩን እንደለወጠና አሮጌ ፕሮግራሞችን እንደማያስገባ ነገሩት። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ለአሮጌዋ ኮምፒውተራችን ከአቅሟ በላይ ሆነ። አሻ በየቀኑ በዝናብ ርሳ መጥታ «መምህር፣ ልጄ ምን አለ?» ትላለች። አባቴ አቀርቅሮ «ገና ነው» ይላታል፤ እኔማ ፊቷን ማየት ስላቃተኝ ስትመጣ መደበቅ ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን እናቷን ይዛ መጣች። አሮጊቷ ብዙ ተናገሩ፣ አሻም ወደ አባቴ ዞራ፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛዋ፣ «እናቴ እንዲህ አለ፤ ልጁ ታሞ ከሆነ አትደብቁኝ አለ፣ ወላሂ» አለችው። አባቴ አሮጊቷን አየ፣ አሻን አየ፣ ድንገት ብድግ አለ። «እሳቸው አማርኛ ይማሩ አልተባሉም፤ መሐል አንቺ አለሽ! የእኔም አሮጊት የጠፋት አስተርጓሚ ነው!» አለ ወደ ኮምፒውተሯ እየጠቆመ።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ዝግ ስለነበር፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዶ እዚያ ያለውን አዲስ ኮምፒውተር በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣ። አዲሱ ደብዳቤውን በአዲሱ ደንብ ከመስመር ይቀበላል፣ አሮጌዋ ከእሱ በገመድ ትወስዳለች። እናቴ «እዚያው አዲሱ ላይ ብታነበውስ?» ብትለው እንዳልሰማ ሆነ።

ሦስት ቀን ሲታገል ቆይቶ ሐሙስ ጠዋት ሞደሙ አፏጨና ሰባት ደብዳቤ ተከታትሎ አሮጌዋ ላይ ወጣ። አባቴ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ኢድሪስ ደህና ነው፣ ፈተናውን አልፏል፣ ለምን ዝም አላችሁ ብሎ ይቆጣል፣ ይለምናል። ሰባተኛው «ጨንቆኛል፤ ሐሙስ በኩርሙክ በኩል አሶሳ እገባለሁ» ይላል።

«ዛሬ ምንድነው?» አለች አሻ። ማንም ሳይመልስላት አንድ እግር ጫማዋን እኛ ቤት ጥላ ወደ መናኸሪያ ሮጠች። ጫማውን ይዤ ስደርስ ኢድሪስን አንገቱን አቅፋ እየሰደበችው ነበር።

ዛሬ አዲስ አበባ ስኖር መልእክት ኪሴ ድረስ ይመጣልኛል፤ ማንንም ዝም በሉ አልልም፣ ማንም መናኸሪያ አይሮጥም። አባቴ ግን ጡረታ ወጥቶም አሮጌዋን አልተዋትም፤ መሐል ቆማ የምታስተረጉምለትን ትንሽ ሣጥን ገዝቼ ያገናኘሁለት እኔ ነኝ። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ የኢድሪስ ደብዳቤ መጣና አባቴ በአጥሩ ላይ አሻን ጠራት። አጠገቤ ስትቀመጥ ስልኳን አየሁት፤ ያው መልእክት ከነፎቶው ጠዋት ደርሷታል። እንዳየሁባት ስታውቅ ስልኩን ነጠላዋ ሥር ሸሸግ አደረገችና፣ መነጽሩን ወደሚያጠልቀው አባቴ ዞራ፣ «መምህር፣ ልጄ ምን አለ?» አለችው።