ቤቱን ሳይሆን መንገዱን እዪ

ከሀገር የወጣሁበት ምሽት እናቴ ሚኒባስ ተኮናተረች። ከሰፈራችን ከሃያ ሁለት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሻንጣ ባይኖረኝ በእግሬ እደርስ ነበር። ግን ለአንድ ተጓዥ ሰፈሩ በሙሉ ተጫነ። ጎረቤታችን እትዬ ታደለች የጸሎት ቡድናቸውን ሴቶች አስከትለው የኋላውን ወንበር ያዙ፤ የአክስቴ ልጆች ደግሞ አንዱ ያንዱ ጭን ላይ ተቀመጡ። ረዳቱ በሩን ይዞ ቆጠረንና፣

"ማነው የሚሄደው?" አለ።

"እሷ ናት፣" አሉት።

"አንድ ሰው? እኔ እኮ ሁላችሁም ስትሰደዱ መስሎኝ!"

መኪናው በሳቅ ሞላ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም፤ እጄን ይዛ መስኮት መስኮቱን ታያለች። መዝሙር ጀመሩ። ኤርፖርቱ በር ላይ ጥበቃው "ከዚህ በኋላ ተጓዥ ብቻ" ሲል መዝሙሩ መሐል ላይ ተቆረጠ።

ጎተንበርግ፣ ስዊድን፣ ስደርስ የተቀበለኝ ትራም ነው። ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ዝም ያለ። ስብከት የሚሰማ ጉባኤ እንኳን እንደዚያ ዝም አይልም። መውረጃዬ ሲደርስ ልማድ አይለቅምና "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ፣ ያውም በአማርኛ። አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝና ምንም ሳይናገሩ መጥሪያውን ተጫኑልኝ። በዚህ ሀገር መውረድ ለመፈለግም ድምፅ አያስፈልግም።

የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ ትምህርቱ አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በማታ ክፍል ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ገጽ አይዘልም። የከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ እነሱ ቢብሊዮቴክ የሚሉት፣ ሞቃት ስለሆነ ክረምቱን እዚያ ከረምኩ። አንድ ቀን ሙሉ መደርደሪያ አገኘሁ፦ መጓጓዣ ከተማንና ሰውን እንዴት እንደሚሠራ የሚያወሩ መጻሕፍት ብቻ። ሰፈር ሐዲዱን ተከትሎ እንደሚያድግ፣ ሰፊ መንገድ ጎረቤትን ከጎረቤት እንደሚለይ፣ ሴቶች ብቻቸውን ከቤት ርቀው መሥራት የጀመሩት ትራም በደጃቸው ማለፍ ሲጀምር እንደሆነ አነበብኩ። ደነገጥኩ። እኔ ራሴ ማታ ተምሬ በሰላም የገባሁት የመጨረሻው ታክሲ ስለነበረ አይደለም እንዴ? የተወለድኩበት ሰፈርስ ቢሆን ስሙን ያገኘው ሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ እዚያ ይዞር ስለነበር ነው ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራው ኖሬ፣ ባዕድ ሀገር ተቀምጬ ነው የገረመኝ።

ከዚያ በኋላ ከተማ የማይበት ዓይን ተለወጠ። ቤት ስፈልግ አከራዩ ኡልፍ እየተሳቀቀ፣

"አንድ ችግር አለው፤ ትራሙ በመስኮቱ ሥር ነው የሚያልፈው፣" አለኝ።

"ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?"

"ድምፁ ነዋ።"

"እኔ ያደግኩት አውሮፕላን ሥር ነው።"

ሳቅ ከማለቱ በፊት እውነት መሆኑን አጣራ። ቀጥሎ "እንግዳ ይበዛብሻል?" ብሎ ጠየቀኝ። ይበዛብሻል! እኔ የሚያንኳኳ ሰው ሳላይ ወራት አልፎኛል።

እንዲህ እያለሁ እናቴ ደወለች። ቤታችን ለመንገድ ማስፋፊያ ሊነሳ ነው። ምትክ ሁለት ቤት አሳይተዋታል፣ በማግስቱ አንዱን መርጣ ትፈርማለች። አንደኛው ሰፊ፣ ባለ በረንዳ ነው፤ ግን ታክሲው መጨረሻ ላይ ከወረዱ በኋላ ባጃጅ ያስፈልገዋል። ሌላው ከሲኤምሲ ሰፈር አለፍ ብሎ የከተማው ባቡር ፌርማታ አጠገብ ያለ ጠባብ ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ነው።

"የተማርሽው አንቺ ነሽ። የቱን ልያዝ?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ቤቱን ሳይሆን መንገዱን እዪ። ከሰፊው ቤት ወጥተሽ ታክሲው ጋ እስክትደርሺ ምን አለ?"

"ሜዳ ነው። አየሩ ግን! በረንዳው ላይ ብቻዬን ብቀመጥ እጠግባለሁ።"

"እኔ የምፈራው ያንን ነው፣ ብቻሽን መቀመጡን። ባቡሩ ጋ ያለውን ያዢ።"

"ዘመድ ሲመጣ የት ላስተኛው? ባቡሩ ላይ?"

መለስኩላት፣ አስረዳኋት፣ ጸሐፊዎቹን ሁሉ ምስክር ጠራሁ። በመጨረሻ "እሺ፣ ያነበብሽው አንቺ ነሽ" አለችና በማግስቱ ፈረመች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሃያ ሁለትን ባላዩ ሰዎች ቃል እናቴን በረንዳ ከልክዬ አንድ ክፍል ውስጥ ከተትኳት። ማንም ባይመጣላትስ?

ሄጄ እንዳላይ የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነው፤ ከወጣሁ መመለሴ ያጠራጥራል። ኢሚግሬሽን ሄጄ መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ "መቼ ያልቃል?" አልኳት።

"ሲያልቅ እናሳውቅሻለን።"

"በግምትስ?"

"እኛ ግምት አንሰጥም።"

ውጭ ፌርማታው ላይ ያለው ሰሌዳ ትራሙ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ይቆጥራል። ትራሙን እስከ ደቂቃው የሚያውቅ ሀገር የእኔን ቀን አያውቅም። እንደዚያም ሆኖ ትራሙ ሲመጣ፣ በሩ ሲከፈት፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት ያለማንም እርዳታ ስትገባ፣ አሁንም እገረማለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ከአዲሱ ቤት ደወለች። ከኋላዋ ጫጫታ አለ።

"ማን አለ እማዬ?"

"ማን ያልመጣ አለ! ታደለች የጸሎቱን ሰው ሁሉ በባቡር ጭና መጣች። አልጋው ሞልቷል፣ መሬቱ ሞልቷል፣ አንዷ ምድጃው ጋ ቆማ ነው የምትጸልየው። የአክስትሽ ልጅ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ይላል። ጌታ ይባርክሽ፣ መጽሐፍሽ አልዋሸም።"

ዓይኔ እንባ ሞላ። መደርደሪያው እውነቱን ነው፤ ሐዲድ ሰው ያመጣል።

"ተስማማሽ እንግዲህ?"

"ተስማማኝ።" ድምፅዋ ዝግ አለ። "አንድ ነገር ብቻ። በሩ ቀኑን ሙሉ ይንኳኳል። በተንኳኳ ቁጥር አንቺ ትመስዪኛለሽ።"

ወዲያው ከኋላዋ በሩ ተንኳኳ።

"ቆይ ልጄ፣" አለችና ስልኩን እንደያዘች ልትከፍት ሄደች። እኔም ማን እንደሆነ ለመስማት ትንፋሼን ዋጥኩ።