ያስማልኳት ጎረቤት

እናቴ ሹክሪያ ሠላሳ ዓመት ጭሮ ገበያ ላይ ጫት ሸጣለች። እሷ ገበያ ስትውል እኔንና እህቶቼን ከልጆቿ ጋር እያበላች ያሳደገችን ጎረቤታችን አዴ ሰዓዲያ ናት።

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ተነስታ «ሰዓዲያ በጣሪያ ወርዳ የብር አምባሬን ወሰደችው» አለች። በየቀኑም ይህንኑ ትደጋግም ጀመር። የድሮ ደንበኞቿን ስም እንኳ አንድ በአንድ ስለምትጠራ መታመሟ አልታየኝም። በጣሪያ መውረዷን አላመንኩም፤ መስረቋን ግን አመንኩ። አዴ ሰዓዲያን በሽማግሌዎች ፊት ቁርአን አስይዤ አስማልኳት። እንዳልወሰደች ማለችና ፊቴን ሳታይ ወጣች።

ዓመት ሳይሞላ እናቴ የገዛ ቤቷ በር ጠፋት። ሐኪሙ መርምሮ የመርሳት በሽታ መሆኑን ነገረኝ።

«በእርጅና ድንገት የሚመጣ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አንዳንዴ የዚህ በሽታ መጀመሪያ ይሆናል» አለ። «ያኔውኑ ብታመጣቸው ጥሩ ነበር።»

አዴ ሰዓዲያ ይህን ስትሰማ ማንም ሳይጠራት መጣች። አሁን እናቴን የምታጥባትም የምታጎርሳትም እሷ ናት። እናቴ ግን የምታጎርሳት ማን እንደሆነች አታውቅም። ትናንት እጇን ይዛ «አንቺስ ደግ ነሽ፤ ያቺ ሰዓዲያ ናት አምባሬን የሰረቀችኝ» አለቻት።

«አላህ ይቅር ይበላት» አለች አዴ ሰዓዲያ፣ አፏን እየጠረገችላት።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እናቴ ያን ሁሉ የተናገረችው ታማ ነው። እኔ ግን ጤነኛ ነበርኩ።